ሞቶ ጉዚ 850 ቲ3፦ ስለ አሠራሩና ጥገናው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት መልሶች 850 ቲ3ን ይመለከታሉ። ሊኖ ቶንቲ የነደፈው ሻሲ ላላቸው ሌሎች ትልልቅ ጉዚዎችም፣ ማለትም ለ850 ቲ፣ ለቪ1000 ኤስፒና ለመጀመሪያዎቹ ካሊፎርኒያዎች፣ አብዛኛው ይሠራል፤ የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ ተጠቅሷል። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቲ3 ምን ዓይነት ሞተር ሳይክል ነው?

በሰሜን ጣሊያን፣ በኮሞ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ማንዴሎ ዴል ላሪዮ የተሠራ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ነው፤ የወጣው በ1975 ነው። ሞተሩ ጁሊዮ ቼዛሬ ካርካኖ ከነደፈውና በ1967 በቪ7 ላይ ገበያ ከገባው ሞተር የመጣ ነው። ሻሲው ደግሞ ሊኖ ቶንቲ ለ1971ዱ ቪ7 ስፖርት የሠራው ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ ተከፍተው ግራና ቀኝ ወጥተዋል፤ የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 78 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ መጠኑ 844 ሲሲ። የሚያቀዘቅዘው አየር ብቻ ነው። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ቤቱ፣ ባለ 5 ማርሽ ሲሆን ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ሰንሰለት ሳይሆን ካርዳን (የሚሽከረከር ዘንግ) ነው።

አንድ ዓመት ቀድሞት ከወጣው 850 ቲ በዋናነት የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ሦስት ዲስክ ያለው የተያያዘ ፍሬን አለው፤ እንዲሁም የወረቀት የዘይት ፊልትሮ ገብቶለታል። 850 ቲ ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ስለሆነ ዘይቱ ሳይዘገይ መቀየር አለበት። ቪ1000 ኤስፒ ያው ሞተር ሆኖ ሲሊንደሩ ወደ 88 ሚሊ ሜትር የሰፋ ነው። ቪ1000 ኮንቨርት ግን ኃይሉን በዘይት የሚያስተላልፍ ባለ ሁለት ማርሽ ስለሆነ፣ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ካምቢዮ የተጻፈው እሱን አይመለከትም።

ቆሜ ቤንዚን ስሰጠው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ብልሽት ነው?

አይደለም። ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ የተጋደመው ከፊት ወደ ኋላ ነው። ዙሩ በድንገት ሲጨምር የሞተሩ አካል በተቃራኒ አቅጣጫ መዞር ይፈልጋል፤ ሞተር ሳይክሉም አብሮት ይወዛወዛል። መንገድ ላይ ግን አይሰማም።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው የካርዳኑ ጠባይ ነው። ቤንዚን ሲሰጡት የኋላው ከፍ ይላል፣ ሲለቁት ዝቅ ይላል። ኩርባ ውስጥ ገብተው መሀል ላይ ቤንዚኑን በአንዴ ከዘጉ ሞተር ሳይክሉ ይወርድና ማርሚታው ወይም መቆሚያው አስፋልት ሊነካ ይችላል። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀንሶ፣ ኩርባው ውስጥ ቤንዚኑን በትንሹ ይዞ መውጣት ነው መፍትሔው።

ልገዛ ነው፤ ከሁሉ በፊት ምን ልይ?

ሲሊንደሮቹን። ሌላው ሁሉ በገንዘብና በትዕግሥት የሚስተካከል የእርጅና ጉዳይ ነው፤ የላስቲክ፣ የሽቦ፣ የጓርኒሲዮን። ይህ ግን ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል።

የቲ3 ሲሊንደር አልሙኒየም ሆኖ የውስጥ ግድግዳው በጠንካራ ክሮም የተለበጠ ነው። ክሮሙ ራሱ በቀላሉ አያልቅም። ሞተር ሳይክሉ ለዓመታት ቆሞ እርጥበት ሲገባው ግን ክሮሙ ከአልሙኒየሙ እየለቀቀ ይቀረፋል። የተቀረፈው ቅንጣት ከዘይቱ ጋር ይዞርና የኮሎውን ብሮንዚና (ዘንጉ የሚዞርበትን ለስላሳ የብረት ሽፋን)፣ የዘይት ፖምፓውንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) ይፈጫል። ትንሽ ኪሎ ሜትር የሄደና ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ቲ3 ብዙ ከተነዳው ይበልጥ የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

ለማየት ሁለቱንም ካንዴላ ይፍቱ፤ ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ ያስገቡ። ጤነኛው ክሮም ወጥ የሆነ ብርማ ገጽ አለው። የተቀረፈው ቦታ ጠርዙ ስለት ያለው፣ መሀሉ ደብዛዛ ግራጫ የሆነ ጠባሳ ይመስላል። ከላይ ፒስተኑ የሚመለስበት አካባቢ ላይ አተኩሩ። ሻጩ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) ለመፍታት ከፈቀደ ደግሞ የተሻለ ማረጋገጫ የለም።

በማግኔት ዘይቱን ፈትሾ «ንጹሕ ነው» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ክሮም በማግኔት አይያዝም። የድሮውን ፊልትሮ ቆርጦ ወረቀቱን በፀሐይ ዘርግቶ የሚያብለጨልጭ ስባሪ መኖሩን ማየት ይሻላል።

ክሮሙ ከተቀረፈ ሲሊንደሩን መቦርቦርም ሆነ በድንጋይ መሳል አይቻልም። አዲስ ፋሻ አስገብቻለሁ የሚል ሻጭ ችግሩን አልፈታም። መፍትሔው በኒካሲል (የኒኬልና የሲሊኮን ካርባይድ ሽፋን) የተለበጠ ሲሊንደር ከነፒስተኑ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ነው፤ እዚያው ማንዴሎ የሚገኘው ጂላርዶኒ ይሠራዋል። ፋብሪካው ራሱ በኋላ ወደ ኒካሲል ዞሯል፤ ብዙ ቲ3ዎችም በቀደሙት ባለቤቶቻቸው ተቀይሮላቸዋል። ስለዚህ ደረሰኝ ይጠይቁ። ቅንጣቱ ቀድሞ ተሰራጭቶ ከሆነ ግን ሲሊንደር መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ኮሎው ወጥቶ በውስጡ ያለው የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ተከፍቶ መጽዳት፣ ብሮንዚናውም መታየት አለበት። ይህን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሰው ይደራደሩ።

ምን ዘይት፣ ስንት ሊትር?

ሞተሩ 3 ሊትር 20ደብልዩ-50 ይወስዳል፤ የሚቀየረው በየ3,000 ኪሎ ሜትር ነው። ካምቢዮው 0.75 ሊትር 80ደብልዩ-90 የማርሽ ዘይት። የኋላው የካርዳን ጥርስ ቤት በድምሩ 0.25 ሊትር፦ ከዚህ 0.23 ሊትሩ ሃይፖይድ 80ደብልዩ-90፣ 0.02 ሊትሩ የሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ጭማሪ ነው። ሞሊብዲነሙን ካምቢዮው ውስጥ አይጨምሩ፤ ለኋላው ጥርስ የታሰበ ነው።

የሞተሩን ዘይት ሲለኩ መለኪያውን ጠርገው እስከ መጨረሻው ያጥብቁና ከዚያ አውጥተው ያንብቡ። ላዩ ላይ ብቻ አስቀምጠው ካነበቡ ካለው በታች ያሳይዎትና ሳያስፈልግ ይጨምራሉ። የተረፈውን ሞተሩ በመተንፈሻው ይተፋዋል፤ ከዚያ «ዘይት ያፈሳል» የሚል ስም ይወጣለታል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይበቃዋል።

የዘይት ፊልትሮው የት ነው ያለው?

ውስጥ። ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ሙሉ በሙሉ ካልወረደ አይገኝም። በኋላ የመጡ ሞዴሎች ከሥር የመክፈቻ ክዳን ተሠርቶላቸዋል፤ ለቲ3ም እንዲህ ያለ ኮፓ ተገዝቶ ይገጠማል፣ ገንዘቡም አያስቆጭም።

ዘይቱን ሞቅ ሲል ያፍስሱ። የኮፓውን ብሎኖች ዙሪያውን በየተራ አላልተው ይፍቱ፤ ርዝመታቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ በካርቶን ላይ ቀዳዳ በስተው እንደ አቀማመጣቸው ይሰኳቸው። የድሮው ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ይጣበቃል፤ በብረት ካቻቢቴ አይፋቁት፣ አልሙኒየሙ ከተቧጠጠ ሁልጊዜ ያንጠባጥባል። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መፋቂያ ይጠቀሙ። የሽቦ ወንፊቱን በቤንዚን ይጠቡት።

አዲሱን ፊልትሮ ጎማውን ዘይት ቀብተው በእጅ በደንብ ያጥብቁት። እዚህ ላይ የሚታወቅ ጣጣ አለ፦ ፊልትሮው በንዝረት ራሱን ሊፈታ ይችላል። ሲላላ የዘይቱ ግፊት እዚያው ኮፓው ውስጥ ይባክናል፤ ውጭ አንዲት ጠብታ ስለማትታይ የሚነግርዎት የዘይቱ መብራት ብቻ ነው። ጥንቁቅ ባለቤቶች ሰፊ የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት በፊልትሮው ዙሪያ ያጠልቁና የማጥበቂያ ጭንቅላቱ ከኮፓው ግድግዳ ጋር ተደግፎ እንዳይዞር አድርገው ይገጥሙታል። ዋጋው ከአንድ ቡና አይበልጥም።

ኮፓውን ሲመልሱ ብሎኖቹ 6 ሚሊ ሜትር መሆናቸውንና የሚገቡት አልሙኒየም ውስጥ መሆኑን አይርሱ፤ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃል። አምራቹ ፊልትሮውን በየ15,000 ኪሎ ሜትር ይለዋል። በዓመት ጥቂት ሺህ ብቻ ለሚነዳ ሞተር ሳይክል ይህ በጣም ሩቅ ነው፤ በየሁለተኛው የዘይት ቅያሪ ቢደረግ ይመረጣል።

ቫልቩን ራሴ ማስተካከል እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ከዚህ የሚቀል ባለ ሁለት ሲሊንደር ማግኘት ከባድ ነው። ቴስታታዎቹ ግራና ቀኝ ስለወጡ ታንኩን ማውረድ እንኳ አያስፈልግም። ፋብሪካው ያወጣው ክፍተት ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.22 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሌሊቱን ያደረ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለቱንም ካንዴላና የቫልቭ ክዳኖቹን ይፍቱ። በመሀል መቆሚያው አቁመው 5ኛ ማርሽ ያስገቡና የኋላውን ጎማ በእጅ እያዞሩ ሞተሩን ያንቀሳቅሱ። በቀኝ በኩል፣ ሞተሩ ከካምቢዮው በሚገናኝበት ቤት ላይ፣ በጎማ የተደፈነች መስኮት አለች። በእሷ ሲያዩ ቮላኖው (ከኮሎው ጫፍ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ የተቀረጹ ፊደሎች ያልፋሉ፦ ለቀኙ ሲሊንደር የዴስትሮ (D)፣ ለግራው የሲኒስትሮ (S) የመጀመሪያ ፊደል፤ በጣሊያንኛ «ቀኝ» እና «ግራ» ማለት ነው። የቀኙ ምልክት ከመስኮቷ መስመር ጋር ሲገጥም የቀኙ ፒስተን ከላይ ነው። ነገር ግን ፒስተኑ በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ከላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ቢላንቸሪ፣ ማለትም ቫልቩን የሚገፉትን ክንዶች፣ በጣት ይወዝውዟቸው። ሁለቱም ትንሽ የሚጫወቱ ከሆነ ትክክለኛው ቦታ ነው፤ አንዱ የተወጠረ ከሆነ ኮሎውን አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ።

ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶችዎ ውስጥ 0.22 ከሌለ 0.20 የምትገባበት፣ 0.25 የማትገባበት ሆኖ ይስተካከል። ዳዶውን አላልተው በካቻቢቴ ያስተካክሉ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ስለሚዞር ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛ ልኬት ይዘለዋል። ከተጠራጠሩ ትንሽ ላላ ያለው ይሻላል፦ የላላ ቫልቭ ድምፅ ያሰማል እንጂ አይቃጠልም፤ የጠበቀው ግን ዝም ብሎ ይቃጠላል።

ፑንቲናውን እንዴት ልሠራው?

ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሁለት ፑንቲና (ብልጭታው እንዲነሣ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ማብሪያ)፣ ሁለት ኮንደንሰር አለ፤ ቦቢናውም (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል) ሁለት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ አለው፤ ይህ ብልሽት ሲፈለግ በጣም ይረዳል፣ ምክንያቱም ቦቢናዎቹን ግራ ቀኝ አቀያይሮ ችግሩ አብሮ መሄዱን ማየት ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ የሁለቱም ክፍተት ከ0.37 እስከ 0.43 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ የቀኙ ሲሊንደር የብልጭታ ሰዓት የዲስትሪቢዩተሩን አካል በማዞር ይስተካከላል። የግራው በመጨረሻ፣ የራሱን የፑንቲና ሳህን ብቻ በማንቀሳቀስ ነው። ለግራው ብለው አካሉን ካዞሩ የቀኙን አበላሹት። ክፍተቱን ሳይነኩ ሰዓቱን ብቻ ማስተካከልም ትርፉ ድካም ነው፤ የፑንቲናው እግር ባለቀ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፣ ብልጭታውም ይዘገያል። የካንዴላው ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር ነው።

የእግር ፍሬኑ ለምን የፊቱንም ይይዛል?

እንዲህ ተደርጎ ስለተሠራ። ፔዳሉ የኋላውንና የፊት ግራውን ዲስክ አንድ ላይ ይይዛል፤ የእጅ ፍሬኑ የፊት ቀኙን ብቻ። የፊቶቹ ዲስኮች 300 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 242 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ካሊፐሮቹ ብሬምቦ ናቸው። ለተለመደው ጉዞ ፔዳሉ ብቻውን ይበቃል፤ እጅ የሚጨመረው ጠንከር ያለ ማቆም ሲፈለግ ነው። የእጁ ፍሬን ደካማ መስሎ ቢሰማዎት የሚሠራው በአንድ ዲስክ መሆኑን ያስታውሱ። አንዳንዶች ሁለቱን የፊት ዲስኮች ከእጁ ጋር አገናኝተው ሥርዓቱን ያፈርሱታል። ይህን ለማድረግ የሚበቃ ምክንያት የለም፤ በደንብ አየር የወጣለት የተያያዘ ፍሬን በእርጥብ መንገድ ላይ ያኮራል።

ጣጣው አየር ማውጣቱ ላይ ነው። ከፔዳሉ ወደ ፊት ግራው የሚሄደው መስመር ረጅም ነው፤ ታንኩ ሥር ወጥቶ ከመሪው አጠገብ ወደ ታች ይወርዳል። አየሩ የሚጠራቀመው እዚያ ከፍታው ላይ ስለሆነ ከታች ካሊፐሩ ላይ ምንም ያህል ቢደክሙ አይወጣም። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ የፊት ግራውን ካሊፐር ከሹካው ፈትተው፣ በሸራዎቹ መካከል የዲስኩን ውፍረት የሚያክል እንጨት ከትተው፣ የመተንፈሻ ብሎኗ ወደ ላይ እንድትሆን ከፍ አድርገው ይያዙት፤ ረዳት ፔዳሉን ቀስ እያለ ይርገጥ። ከዚያ ወደ ኋላው፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊቱ። ፔዳሉ አሁንም እንደ ስፖንጅ ከሆነ በገመድ ተጭኖ ይደር፤ ጠዋት ትናንሾቹ አረፋዎች ወደ ዘይት ቋቷ ወጥተው ይገኛሉ።

ዘይቱ ዶት 4 ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ የማይለቅ ከሆነ ካሊፐሩን ከመፍታትዎ በፊት የጎማ ቱቦዎቹን ይጠርጥሩ። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ረግጠው ሲጫኑት ዘይቱ ያልፋል፣ ሲለቁት ግን አይመለስም።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ዘይት ያንጠባጥባል። ካምቢዮው መውረድ አለበት?

ምናልባት። መጀመሪያ ቀላሎቹን ያጥፉ፤ ምክንያቱም ካምቢዮውን ማውረድ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

አካባቢውን በሙሉ አጥበው ያድርቁ፣ ታልክ ፓውደር ይንፉበት፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው በባትሪ መብራት ይዩ። መንገዱ ከላይ ከጀመረ ተጠርጣሪው የመተንፈሻው የጎማ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ከሞተሩ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ሻሲው ይወጣል፤ በሙቀት ሲደርቅ ከታች በኩል፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ይሰነጠቃል። የሚፈሰው ዘይት በካምቢዮው ጀርባ ወርዶ የኮሎው ፓራኦሊዮ (ዘይት ከልካይ ጎማ) የሄደ ያስመስላል። ወደ ቴስታታዎቹ ዘይት የሚወስዱት የውጭ ቱቦዎች መጋጠሚያ ሮንዴላም እንዲሁ ያሳስታል።

ዘይቱ ከታች፣ ከፍሪሲዮኑ ቤት ቀዳዳ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ያሽትቱት። የማርሽ ዘይት የሚከረፋ የድኝ ሽታ አለው፤ እንዲያ ከሆነ የሄደው የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ ነው። የሞተር ዘይት ከሆነ የኮሎው የኋላ ፓራኦሊዮ ነው። ሁለቱም ከካምቢዮው መውረድ ውጭ አይሠሩም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላውም አብሮ ይቀየር።

ቮላኖውን ከመፍታትዎ በፊት ከኮሎው ጋር ያለውን አቀማመጥ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። በስህተት ቦታ ከገባ ከላይ የተጠቀሱት የቫልቭና የብልጭታ ምልክቶች ሁሉ ይዋሻሉ። ብሎኖቹ አዲስ ይሁኑ።

ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ማርሹም ይከብዳል።

ፍሪሲዮኑ እንደ መኪና ደረቅ ነው፦ ሁለት ባለ ሸራ ዲስክ፣ መሀል አንድ የብረት ዲስክ፣ 8 ሞላ። ሸራው ራሱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከላይ የተነገረው ዘይት ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም። ካምቢዮው በወረደበት ጊዜ ዲስኮቹ የሚንሸራተቱባቸውን ጥርሶች በጥፍር ይዳስሱ። ጥርሱ ላይ ደረጃ ከተቆፈረ ዲስኩ እዚያ ይያዝና ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፤ ማርሽ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጤነኛውም ማርሽ ዝግ ያለ ነው። ከባዱ ቮላኖ ዙሩን ቶሎ አይቀንስም፤ ወደ ላይ ሲቀይሩ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ለአፍታ መጠበቅ፣ ሳይጣደፉ መጨረስ ነው። የሚያጣድፉት ሰዎች ናቸው የሚያንቋቁት።

ወደ ፍሪሲዮኑ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የኋላ ጎማውን፣ የኋላ ሹካውንና ካምቢዮውን ማውረድ። ሁለተኛው የቶንቲ ሻሲ የታችኛዎቹ ቱቦዎች በብሎን የተያዙ መሆናቸውን መጠቀም ነው፤ እነሱ ተፈትተው ሞተሩ መሬት ላይ ይቀራል፣ ሻሲው ወደ ላይ ይነሣል። ረዳት ካለ ሁለተኛው ይፈጥናል።

ካርዳኑ ምን ይፈልጋል?

ከሰንሰለት ያነሰ፣ ግን ዜሮ አይደለም። ዘንጉ በኋላው ሹካ የቀኝ ክንድ ውስጥ ያልፋል፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው የመስቀል መገጣጠሚያ በእጥፍጥፍ ላስቲክ ተሸፍኗል። ላስቲኩ ሲሰነጠቅ ውኃ ይገባና ኩሽኔታው ይዝጋል። የኋላ ጎማ በተቀየረ ቁጥር የላስቲኩን ማሰሪያ ፈትተው ወደ ኋላ ይሸምቅቁት፣ መገጣጠሚያውን በእጅ እያጠፉ ያዙሩት። የሚያዝበት ወይም «ቀጭ» የሚልበት ቦታ ካለ ይቀየር፤ ሳይውል ሳያድር። ይህ ነገር መንገድ ላይ ቢሰበር የሹካውን ክንድ ሊሰነጥቅ፣ ጎማውንም ሊይዝ ይችላል።

በዚያው አጋጣሚ ጎማው ከጥርስ ቤቱ ጋር የሚገናኝበትን ጥርስ ሞሊብዲነም ያለው ግሪስ ይቀቡ። የኋላው ጥርስ ቤት ወደ ቸርኬው ዘይት ከረጨ ፓራኦሊዮውን ከመቀየር በፊት በመሙያው ክዳን ላይ ያለችው መተንፈሻ አለመደፈኗን ይዩ።

ባትሪው አይሞላም።

ከኮሎው ፊት ያለው የቦሽ ጄኔሬተር 14 ቮልት፣ 20 አምፔር ይሰጣል፤ 280 ዋት መሆኑ ነው። ሥራ የሚጀምረው በመሙያው ማስጠንቀቂያ አምፖል በኩል በሚመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ጄኔሬተሩ ጤነኛ ሆኖም አይነሣም። ስለዚህ ቁልፉን ሲከፍቱ አምፖሏ መብራቷ የመጀመሪያው ፍተሻ ነው። በኤልኢዲ አይተኳት፤ የምታሳልፈው ኤሌክትሪክ በቂ አይደለም።

አምፖሏ በርታ ሞተሩ ሲነሣ ካልጠፋች የፊቱን ክዳን ይክፈቱና ካርቦኖቹን ይዩ። ካርቦኖቹ ደህና ከሆኑ የሚዞረውን አካል ሁለት የመዳብ ቀለበቶች በመለኪያ ይንኩ፤ ከ3 እስከ 4 ኦም ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ሁሉም ደህና ሲሆን በ3,000 ዙር ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ ይነበባል።

የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን «ቀጭ» ብቻ ይላል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ሞተሪኖውን (የማስነሻ ሞተሩን) አይፍቱ። የሞተሪኖው ማብሪያ ትልቅ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ያረጀ የቁልፍ ማብሪያና የዛገ ማገናኛ ያን ያህል አያሳልፉም። አንድ ሰው ቁልፉን እየተጫነ ማብሪያው ጫፍ ላይ ይለኩ፦ ባትሪው 12 ቮልት ይዞ እዚያ 9 ካነበቡ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ማገናኛዎቹን ያጽዱ፤ ካልበቃ ከባትሪው በቀጥታ፣ ፊውዝ ያለው ወፍራም ሽቦ በ30 አምፔር ሪሌይ በኩል ያምጡለት። ጫፋቸው የሾለ የድሮ ፊውዞችንም እያዞሩ ማጽዳት ብዙ የማይገባ ብልሽት ያጠፋል።

ካርቡራተሩን ማመጣጠን እንዴት ነው? አዲስ አበባ ላይስ?

ሁለት ዴሎርቶ ቪኤችቢ 30 ናቸው። ከማመጣጠን በፊት ቫልቩና ብልጭታው መስተካከል አለባቸው፤ አለዚያ በካርቡራተር የሌላውን ጥፋት መሸፋፈን ነው። ገመዶቹ ሁለቱም እኩል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ልል ይሁኑ። ሞተሩን አሙቀው፣ የመሳብ መለኪያ ሰዓቶችን በመምጠጫ ቱቦዎቹ ላይ ገጥመው፣ ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይሰጡት የሚዞርበትን ፍጥነት) 1,000 ዙር አካባቢ ያድርጉ፤ ከዚያ በ2,500 ዙር ላይ ገመዶቹን እኩል ያድርጉ። ሚኒሞው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ካርቡራተሩ ከቴስታታው የሚገናኝበት ቦታ አየር ይስባል።

ስለ ከፍታው፦ ማንዴሎ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፤ ሞተሩም የተመጠነው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። በጣሊያን አልፕስ ተራሮች ያለው የስቴልቪዮ መተላለፊያ 2,757 ሜትር ስለሚደርስ ከአዲስ አበባ ይበልጣል፤ ግን ጉዚ ይዞ እዚያ የሚወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ወርዷል። አዲስ አበባ የሚኖር ሞተር ሳይክል ዕድሜውን ሙሉ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ በአምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፦ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል።

የዴሎርቶ ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን) ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። ለዚህ ከፍታ ስፋቱን ከ5 እስከ 6 በመቶ መቀነስ ይበቃል፤ 125 ካገኙ 118 ወይም 120 ይሞክሩ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት። ከዚያ በሙሉ ቤንዚን ነድተው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ የካንዴላውን ቀለም ይዩ። ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሊወርዱ ከሆነ የድሮዎቹን ጄቶች ይመልሱ፤ በሳሳ ቤንዚን ቆላ ላይ መክነፍ ፒስተን ያቀልጣል። የጠፋውን ጉልበት ግን ጄት አይመልሰውም።

ለረጅም ጉዞ ምን መለዋወጫ ልያዝ?

የፍሪሲዮን ገመድ አንድ፣ የቤንዚን ገመድ አንድ። ተስተካክሎ ያገለገለ ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ፤ አዲስ ኮንደንሰር ሳይሞክሩ አይያዙ። ሁለት ካንዴላ፣ ፊውዞች፣ የመሙያው ማስጠንቀቂያ አምፖል። ክፍተት መለኪያ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ትንሽ ሽቦ። የፍሪሲዮን ገመዱን አዲሱን ከአሮጌው ጎን ለጎን አስቀድመው ዘርግተው ማሰር ይችላሉ፤ ከተበጠሰ ጫፎቹን ብቻ ማዛወር ነው የሚቀረው፣ ታንክ ማውረድም አያስፈልግም።